ምንትዋብ የምትባል ልጅ በሜሪላንድ

ልጄን ምንትዋብ ብዬ ስም ሳወጣላት ፈረንጆቹ ምንም አላሉኝም። መከራዬን ያሳዩኝ የራሴ ሰዎች ናቸው።

ሆስፒታል የልደት ሰርተፍኬት ቅጽ ይዛ የመጣችው ሴትዮ ፊደሉን አንድ በአንድ አስነግራኝ ጻፈች። «ቆንጆ ነው፤ የማን ስም ነው?» አለችኝ። የአያቴ ነው አልኳት። «ዘንድሮማ የአያት ስም ነው ፋሽኑ» ብላኝ ሄደች።

እውነቷን ነው። እዚህ አገር የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1880 ወዲህ የተወለዱ ልጆችን ስም ይዞ፣ የትኛው ስም ስንት ልጅ እንደወጣለት በየዓመቱ ያወጣል። ሄዘል የሚባለው ስም የዛሬ መቶ ዓመት ግድም በየሰፈሩ ነበር። ከዚያ የአሮጊት ስም ተባለና ጠፋ። አሁን ተመልሶ ዴይኬሩን ሞልቶታል። ኤቭሊንም እንዲሁ። እኔም እስቲ ልየው ብዬ ምንትዋብን ፈለግኋት። የለችም። በዓመት ከ5 ልጅ በታች የወጣለትን ስም ጭራሽ አያወጡትም፤ የሰው ማንነት እንዳይታወቅ ነው ምክንያቱ።

አዲስ አበባ ስንደውል ግን ሌላ ወሬ ነው።

«ማን አልሽኝ?» አለች አክስቴ እትዬ ሚሚ። ደገምኩላት። «ኧረ በእመቤቴ! ገና አራስ ቤት እያለች አስረጀሻት እኮ! ሶልያና አለ፣ ኤልዳና አለ፣ ሃሴት አለ...» ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ጓደኛዬ ደግሞ በዘዴ ነው የመጣችብኝ። «ቆንጆ ነው» አለች። ትንሽ ቆየችና «የቤት ስሟስ ማን ነው?» አለችኝ። ይሄን ስም ሰው ፊት ልትጠሪበት ነው ወይ ማለቷ ነው።

እኔ ራሴ ቤተልሔም ነኝ። ተማሪ እያለሁ አስተማሪ «ቤቲ» ብሎ ሲጠራ ግማሹ ክፍል ቀና ይል ነበር። በእናቴ ጊዜ ደግሞ አልማዝና ሂሩት ነበር የሚበዛው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ልጅ ስም ያወጣው የቤቲ መብዛት ነው።

ደግሞስ ምንትዋብ መቼ ነው የባላገር ስም የሆነው? የቤተ መንግሥት ስም እኮ ነው። እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። እኛ ቋራ ሲባል ወደ መይሳው ካሣ ነው የምንሮጠው። ካሣ ከመወለዱ በፊት ግን የእቴጌይቱ ዘመዶች፣ ቋረኞቹ፣ ጎንደር ቤተ መንግሥት ገብተው ሥልጣኑን ይዘውት ነበር። ዐፄ በካፋ በቋራ በኩል ሲያልፉ ታመው፣ በምንትዋብ ወላጆች ቤት ተኝተው ሳለ ነው ያስታመመቻቸውን ልጅ የወደዷት ይባላል። በካፋ በ1723 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነው። እናትየው እንደ ሌላ ንጉሥ እናት ከመጋረጃ ጀርባ አልቀሩም፤ ዘውድ ደፉ። ስመ መንግሥታቸውም ብርሃን ሞገሳ ተባለ። በልጃቸው ዘመንም፣ በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ዘመንም ያለ እሳቸው ቃል የሚሆን ነገር ብዙ አልነበረም። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል ደግሞ ቀኝ እጃቸው ነበሩ።

መጨረሻው መራራ ነው። ወንድማቸው ሞቱ። ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ መጥተው ጎንደርን ያዙ፤ በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሉ። የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር ደግሞ የእኚሁ የራስ ሚካኤል ሚስት ናት። የቱርክ ድራማ ይሄን አያህልም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ እቴጌይቱን ያገኛቸው ራሳቸው ባሠሩት በቁስቋም ነው። በ1765 ዓ.ም. አረፉ። ጣና ላይ ደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው። እዚያ ግድግዳው ላይ ሥዕላቸው አለ፤ ያን ያህል ሥልጣን የነበራቸው ሴትዮ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ስሙን ተናገርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን የሚያገለግሉ አንድ የጎንደር መሪጌታ አሉ፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። ይሄን ግን ሰሙ። «ማን? ምንትዋብ? የቁስቋሟ?» አሉና ሕፃኗን ተቀብለው ታቀፏት። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 6 ቁስቋም ሲውል ባገኙን ቁጥር «የበዓሉ ባለቤት መጣች» ይሏታል። ድግሱ ግን የእኛ ኪስ ነው።

ዴይኬር «ሚንቲ» ሆናለች። አልተናደድኩም። ልጆቹ አፋቸው የቻለውን ነው ያሉት። ሐሜቱ ከፈረንጅ ስላልመጣ ይሆናል።

እትዬ ሚሚን ግን እንዳትታዘቧት። እውነተኛ ስሟ አንጓች ነው። አያቴ ምንትዋብ ደምቢያ ወልዳ ያወጣችላት ስም። በደርግ ጊዜ ለትምህርት አዲስ አበባ መጣች። ስም ሲጠራ «አንጓች» ሲባል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱም ሳቁ። ከዚያ አብራት የምታድር ልጅ «ሚሚ እንበልሽ» አለቻት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሚሚ ናት። ይሄን የነገረችኝ እናቴ እንጂ እሷ አይደለችም። ስለዚህ ስትቆጣኝ እሰማታለሁ። የሚሳቅበት ስም መያዝ ምን እንደሆነ እሷ ታውቀዋለች፤ እኔ አላውቀውም። ግን ያን ጊዜ የሳቁት እኛው ነን። ከጎንደር የመጣችን ልጅ በጎንደር ስሟ የሳቀባት የፈረንጅ አገር አይደለም።

ባለፈው በቫይበር ስናወራ ልጅቷን ስልኩ ላይ አቀረብኳት። እትዬ ሚሚ ጉንጯን በስክሪን ሳመች፣ «ማማዬ፣ እናቴን አይደል የምትመስለው!» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ፣ ምንትዋብም ትሁን። ግን ትምህርት ቤት ስትገባ ሚሚ በሏት» አለችኝ።

«እትዬ፣ ሚሚማ አንቺ አለሽልን» አልኳት።