ወጥቶ የት ደረሰ?

የአክስቴ የፓቶሎጂ (በቀዶ ሕክምና የወጣው ሥጋ ምርመራ) ውጤት ካንሰሩ አንገቷ ፊት ካለው ታይሮይድ ዕጢዋ ወጥቶ የአንገት ጡንቻ ላይ መድረሱን ይናገራል። ይህ ከተሰማ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ያለው ቤቷ ለቅሶ ቤት መስሏል፤ ሊያጽናና የመጣው ሁሉ ያለቅሳል፣ እሷ ቡና ታፈላለታለች።

እኔ ስፈራ አነባለሁ። ሰሞኑን ካነበብኩትና ሐኪሟን ጠይቄ ከሰማሁት የገባኝ፣ «ወጥቷል» በሚለው ብቻ መደንገጥም መጽናናትም እንደማይቻል ነው። ወጥቶ የት ደረሰ ነው ጥያቄው።

ቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ ምንም ሳያይ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ ጥቂት ሕዋሳት በዕጢው ዙሪያ ወዳለው ስብ ተሻግረው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ይህ ብቻውን የታማሚውን ዕድሜ ብዙም አያሳጥርም። ድሮ ይኼም የካንሰሩን ደረጃ (ከአንድ እስከ አራት ይቆጠራል፤ ከፍ ሲል ይከፋል) ያስጨምር ነበር፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የደረጃ አሰጣጥ ግን ከነጭራሹ ትቶታል። እንደ አክስቴ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በዓይን የሚታየው ሌላ ነው። ጡንቻ ላይ ከቆመ አብሮ ተቆርጦ ይወጣል፣ የማገርሸት ዕድሉ ግን ይጨምራል። የአየር ቧንቧን፣ የምግብ ቧንቧን ወይም የድምፅ ነርቭን ከያዘ ይከብዳል። ወደ ጭንቅላት ደም የሚወስደውን ትልቁን የደም ሥር ከከበበ ወይም አከርካሪው ፊት ያለውን ሽፋን ከነካ ደግሞ ጠርጎ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ ነገሩን የሚያከፋውም ያ ሳይወጣ የሚቀረው ነው።

ያስገረመኝ የዕድሜው ጉዳይ ነው። ፓፒላሪ ወይም ፎሊኩላር የሚባለው ዓይነት የያዘው ሰው ከ55 ዓመት በታች ከሆነ፣ ካንሰሩ የአየር ቧንቧው ላይ ቢደርስም፣ እንደ ሳንባና አጥንት ወዳለ ሩቅ ቦታ እስካልተሠራጨ ድረስ ደረጃው አንድ ነው። አክስቴ ስልሳን አልፋለች፤ በጡንቻው ምክንያት ደረጃ ሁለት ተባለች። ደግሞ ደረጃው የሚናገረው ስለ ሞት እንጂ ስለ ማገርሸት አይደለም፤ ደረጃ አንድ የተባለ ወጣትም አንገቱ ላይ ሊያገረሽበት ይችላል። (አናፕላስቲክ የሚባለው ክፉ ዓይነት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ እሱ ገና ሲገኝ ደረጃ አራት ነው።)

የዚሁ የታይሮይድ ዕጢ እብጠት የሆነው እንቅርት በጎጃም ደጋ ብርቅ አይደለም። ዝናብ ያጠበው አፈር ዕጢው የሚፈልገው አዮዲን ያንሰዋል። አንገቷ ያበጠ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ገበያ ስትወጣ ማንም ዞሮ አያያትም፤ አብዛኛው እንቅርትም ካንሰር አይደለም። እኔን የሚያሰጋኝ ያ የለመድነው እብጠት ቶሎ ቶሎ ሲያድግ፣ ሲጠነክር፣ ድምፅ ሲጎረንን «ብርድ ነው» ተብሎ መታለፉ ነው። ያኔ በእውነትም በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል።

የአክስቴ የድምፅ ነርቭ አልተነካም፤ እልልታዋ አሁንም ጎረቤት ድረስ ይሰማል። የቀሩ የዕጢው ሕዋሳትን በጨረር ለሚያጠፋው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ቀጠሮ ተይዞላታል፤ ከዚያ በኋላ የአንገት አልትራሳውንድና የታይሮግሎቡሊን (የታይሮይድ ሕዋሳት የሚሠሩት ፕሮቲን) የደም ምርመራ ክትትል አለ። ለጊዜው የሚያጣላን ኪኒኑ ነው። የዕጢውን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆዷ ውጣ ቡናውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማቆየት አለባት። «ካንሰሩስ እሺ፣ ቡናዬ ምን አደረገ?» ትለኛለች። ጀበናው ከተጣደ በኋላ ሰዓት የምጠብቀው እኔ ነኝ።