ወደ ቡባን ዋሻ፦ የሮንግሜይ ናጋዎችን ቅዱስ ስፍራ እንዴት እንደጎበኘሁ

የናጋዎችን ቅዱስ ዋሻ ለማየት የሚነሣ ሰው ጉዞውን ከማሰቡ በፊት የየትኞቹ ናጋዎች ዋሻ እንደሆነ መለየት አለበት። ናጋ በሚል አንድ ስም የሚጠሩት በሰሜን ምሥራቅ ሕንድና በምያንማር አዋሳኝ ተራሮች የሚኖሩ፣ ቋንቋቸውም ሥርዓታቸውም የተለያየ በርካታ ሕዝቦች ስለሆኑ፣ አንዱ የአያቶቼ ስፍራ ብሎ የሚያከብረው ዋሻ ለሌላው ከተራ ድንጋይ ላይለይ ይችላል። በማኒፑር ግዛት ኡክሩል አካባቢ ታንግኩል ናጋዎች የሚኖሩበት የካንግኩይ ዋሻ አለ፤ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ሲሆን የቅርስ ተመራማሪዎች የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎችን አግኝተውበታል። በታሜንግሎንግ ደግሞ የሊያንግማይ ናጋዎች የታሮን ዋሻ ይገኛል። እኔ የመረጥኩት በአሳም ግዛት በካቻር አውራጃ፣ ከሲልቻር ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው ተራራ ላይ ያለውን የቡባን ዋሻ ነው። የመረጥኩበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሮንግሜይ ናጋዎች ዛሬም መሥዋዕትና ጸሎት የሚያቀርቡበት ስፍራ በመሆኑ ለጥንት ነገር ጠያቂ ብቻ ሳይሆን ለአምላኪም ክፍት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የፈቃድ ጉዳይ ነበር። በዚያን ጊዜ ለትምህርት አሳም ውስጥ እኖር ስለነበር ወደ ካቻር ለመሄድ ከመደበኛው ቪዛ ሌላ ልዩ ፈቃድ አላስፈለገኝም። ማኒፑርና ናጋላንድ ግን ሌላ ናቸው። የሕንድ መንግሥት የውጭ አገር ዜጎች ወደ እነዚህ ግዛቶች ሲገቡ የሚጠየቁትን የተከለለ አካባቢ ፈቃድ ለዓመታት አላልቶት ከቆየ በኋላ በታኅሣሥ 2024 መልሶ አጥብቆታል (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማኒፑር ከግንቦት 2023 ጀምሮ በግዛቱ ነዋሪ በሆኑት በሜይቴና በኩኪ ሕዝቦች መካከል የተነሣው ግጭትም መንገዱን አስቸጋሪ አድርጎታል። ካርታ ላይ ጎረቤት የሚመስሉ ሁለት ተራሮች በሕግ ረገድ እጅግ የተራራቁ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ስፍራውን ከመምረጥ በፊት የግዛቱን ወሰን ማየት ይገባል።

ዋሻውን ያለ ታሪኩ ማየት ጠባብና ጨለማ የድንጋይ ስንጥቅ ከማየት ብዙም አይለይም፤ ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ረዘም ያለ ጊዜ የወሰደብኝ ንባብ ነበር። ሮንግሜዮች ከዜሜዎችና ከሊያንግማዮች ጋር በአንድነት ዜሊያንግሮንግ ተብለው ይጠራሉ። በትውፊታቸው የሰው ልጆች ወደ ምድር ገጽ የወጡት ማሆው ታኦቤይ ከተባለ ዋሻ ሲሆን፣ አፉን የዘጋውን ድንጋይ የከፈተላቸው በሬ ነው ይባላል። ቡባን ከዚህ የትውልድ ዋሻ የተለየ ነው፤ ቡባን የአምላክ ማደሪያ ነው። ከሁሉ በላይ የሆነው ፈጣሪ ቲንግካኦ ራግዋንግ በሰማይ ሲሆን፣ ቢስኑ የተባለው አምላክ ግን በዚህ ዋሻ ያድራል ብለው ያምናሉ። ብዙ የጉዞ ጽሑፎች ሁለቱን ዋሻዎች ያደባልቋቸዋል፤ እኔም ልዩነቱን የተረዳሁት አብሮኝ ይማር የነበረ አንድ የሮንግሜይ ተወላጅ ጓደኛዬ አያቱን ጠይቆ ካስረዳኝ በኋላ ነው።

ዋሻው ከሃይማኖት አልፎ በፖለቲካ ታሪክ ውስጥ የገባው በጃዶናንግ ምክንያት ነው። ጃዶናንግ በ1905 ገደማ ካምቢሮን በምትባል መንደር የተወለደ ሮንግሜይ ሲሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ራእይ የሚያይና በሽተኛ የሚፈውስ ሰው ተብሎ ይታወቅ ነበር። የእንግሊዝ አስተዳደር በተራራው ሕዝብ ላይ በየቤቱ 3 ሩፒ ግብር ጥሎ ነበር፤ በዚያም ላይ ሰዎች የሹማምንቱን ዕቃ ያለ ክፍያ እንዲሸከሙ ይገደዱ ነበር። ከሜዳው ነጋዴው፣ ከሌላው ወገን ደግሞ ሚስዮናዊው እየመጣ የአባቶችን ሥርዓት ያናጋ ጀመር። ጃዶናንግ ለዚህ የሰጠው መልስ ሁለት ጎን ነበረው። በአንድ በኩል የገዛ ሕዝቡን እምነት አሻሻለ፤ ሕዝቡን የሚያስጨንቁ ብዙ ክልከላዎችንና ውድ መሥዋዕቶችን አስቀርቶ፣ የጸሎት ቤት አሠርቶ፣ አምልኮውን ወደ አንዱ ፈጣሪ አቀና። በሌላ በኩል ሕዝቡ ለእንግሊዞች ግብር መክፈሉን እንዲያቆም አስተማረ። ተከታዮቹ እንደሚሉት ትምህርቱንም መዝሙሩንም የተቀበለው ወደ ቡባን ዋሻ እየተመላለሰ ነው።

የመጨረሻው ጉዞው በ1931 መጀመሪያ የተደረገው ነው። ከብዙ ተከታዮቹና ከዘመዱ ከወጣቷ ጋይዲንሊዩ ጋር ከዋሻው ሲመለስ የካቲት 19 ቀን 1931 በካቻር ተያዘ። አራት የማኒፑር ነጋዴዎችን አስገድሏል ተብሎ ተከሰሰ፤ ወገኖቹ ክሱን ዛሬም አይቀበሉትም። ነሐሴ 29 ቀን 1931 በማኒፑር ዋና ከተማ ኢምፋል ውስጥ በናምቡል ወንዝ ዳርቻ ተሰቀለ። ያኔ 16 ዓመቷ የነበረው ጋይዲንሊዩ ንቅናቄውን ተረክባ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተዋጋች፤ በጥቅምት 1932 ፑሎሚ በተባለች መንደር ተይዛ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። እስከ 1947 በእስር ቆየች። በኋላ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኔህሩ በ1937 ሺሎንግ እስር ቤት ካገኛት በኋላ «ራኒ»፣ ማለትም ንግሥት፣ ብሎ ስለጠራት ስሙ እስከ ዛሬ አብሯት ይነሣል። በ1993 ያረፈችው ይህች ሴት በሕንድ ከፍተኛ ክብር የሚሰጣት ብትሆንም፣ ከሕንድ ውጭ ስሟን የሚያውቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ በማን በኩል ልሂድ የሚል ነበር። ተራራው ላይ የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ አለ፤ በሺቫራትሪ በዓል ሰሞን፣ ማለትም በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ እጅግ ብዙ የሂንዱ ምእመናን ወደዚያ ይወጣሉ። ከእነርሱ ጋር መሄድ የሁሉም ቀላሉ መንገድ ነው፤ መንገድ መሪም አያስፈልግም፣ ሕዝቡን መከተል ይበቃል። እኔ ግን ማየት የፈለግኩት ሮንግሜዮች የሚያዩትን ዋሻ ስለነበር፣ ያን የሮንግሜይ ጓደኛዬን ቤተሰቡን እንዲያነጋግርልኝ ለመንኩት። አያቱ ቤታቸው ጠርተው ሻይ አስቀረቡልኝና በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት ስለ አገሬ፣ ስለ ወላጆቼና ስለ ሃይማኖቴ ጠየቁኝ። በመጨረሻም «የምትሄደው ለበዓሉ ነው ወይስ ከእኛ ጋር?» አሉኝ። ከእናንተ ጋር ብዬ ስመልስላቸው ቀኑን እኔ ሳልሆን እርሳቸው እንደሚቆርጡ ነገሩኝ፤ ለቤተሰቡ ጸሎት የሚመቸው ቀን እስኪወሰን ድረስም ጠበቅኩ። በኋላ እንደገባኝ ይህ ጥበቃ የጉብኝቱ ዋና ክፍል ነበር፤ መጽሐፍ የማይነግረኝን ብዙ ነገር የሰማሁት በዚያ ቤት በምመላለስበት ጊዜ ነው።

ቅድመ ሁኔታዎቻቸው ጥቂት ነበሩ። በዋሻው ውስጥ ፎቶ እንዳላነሣ፣ ከፊታቸው ቀድሜ እንዳልገባ፣ ለአምላክ የተቀመጠውን ነገር እንዳልነካና ከውስጥ ድንጋይም ሆነ አፈር እንዳላወጣ ነገሩኝ። ገንዘብ ልስጥ ብዬ ስጠይቅ ጓደኛዬ ለአያቱ ገንዘብ መስጠት ነውር መሆኑን አስረድቶኝ፣ በምትኩ ለመሥዋዕት ከሚገዛው ነገር ላይ ድርሻዬን እንድከፍል አደረገ። እንግዳ ሰው የጎደለውን ከማሟላት ይልቅ የጋራ ወጪ ተካፋይ ሲሆን የሚሰጠው ቦታ የተለየ መሆኑን በዚያ ተረዳሁ።

ወቅቱን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ተመራጭ ነው። ካቻር እጅግ ዝናባማ ስለሆነ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ አይሞከርም፤ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ጫካውም በአልቅት ይሞላል። ከሲልቻር ተነሥተን በሻይ እርሻዎች መካከል በመኪና፣ ቀሪውን በባጃጅ ተጉዘን ከሞቲናጋር መንደር እግር ጉዞ ጀመርን። ከዚያ እስከ ላይ ያለው መንገድ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይገመታል፤ ለጥ ካለ ሜዳ ወደ ቀርከሃ ጫካ፣ ከጫካው ወደ ቁልቁለትና ዳገት እየተለዋወጠ ይሄዳል። ጥሩ የሚይዝ ጫማ፣ በቂ ውኃ፣ እጅን ነጻ የሚያደርግ የግንባር መብራትና ተቀያሪ ባትሪ ከያዙ ሌላው ትርፍ ሸክም ነው። ሽማግሌው የጓደኛዬ አያት በዚያ ዕድሜያቸው ከእኔ በተሻለ ይራመዱ ነበር።

ስለ ዋሻው ቅርጽ አንባቢ የተሳሳተ ተስፋ እንዳይዝ አንድ ነገር ልናገር። የባሌውን ሶፍ ዑመር ያየ ሰው በወንዝ የተጠረበ ሰፊ አዳራሽና የኖራ ድንጋይ ምሰሶ ሊጠብቅ ይችላል፤ ቡባን ግን የአሸዋ ድንጋይና የሸክላማ ድንጋይ ተራራ ስለሆነ ዋሻው ጠባብ፣ ዝቅ ያለና እርጥብ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች በዚህ ተራራ ስም ቡባን ብለው የሚጠሩት የድንጋይ ንጣፍ በባንግላዴሽም በሰፊው ይገኛል። በውስጡ ጎንበስ ብሎ፣ አንዳንዴም በጎን እየሾለኩ መሄድ ግድ ይላል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ከአፉ ላይ ቢቀር ምንም አይጎድልበትም፤ ከእኛ ጋር የመጡ አንዲት አክስትም እንዲሁ አደረጉ፣ ማንም አልታዘባቸውም።

ውስጥ የሆነው ነገር ብዙ አልነበረም። ሽማግሌው በሙዝ ቅጠል ላይ ዕንቁላልና ዝንጅብል አኖሩ፤ የሩዝ ጠላም አፈሰሱ። በሮንግሜይ ቋንቋ ረዘም ያለ ጸሎት አደረሱ፤ በጸሎቱ መካከል የእኔን ስም ሰማሁ፤ ከየት አገር እንደመጣሁም ተናገሩ። ጓደኛዬ በኋላ እንደነገረኝ፣ እንግዳ ሰው ለዚያ ስፍራ ሳይተዋወቅ መግባቱ እንደ አለመከባበር ይቆጠራል። መብራታችንን ለጥቂት ጊዜ ካጠፋን በኋላ ተመልሰን ወጣን።

በመንገዳችን ላይ ሳስተውለው የቆየሁትና ዛሬም የሚያነጋግረኝ ነገር ተራራው የሦስት ወገን መሆኑ ነው። ለሂንዱ ምእመናን የሺቫና የፓርቫቲ ስፍራ ነው፤ ለባህላዊው እምነት ተከታዮች የቢስኑ ማደሪያና የጃዶናንግ የጸሎት ቦታ ነው፤ ለአብዛኞቹ ናጋዎች ደግሞ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የአሜሪካ ባፕቲስቶችን ስብከት ተቀብለው ክርስቲያን ስለሆኑ፣ አያቶች የተዉት ወይም ሊተዉት የሚገባ ነገር ነው። በአንዱ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ሦስቱ አስተያየት ይገኛል፤ የጓደኛዬ አጎት ባፕቲስት ስለሆኑ አብረውን አልወጡም፣ ይሁን እንጂ ስንቃችንን ያሰናዱልን እርሳቸው ናቸው። ቢስኑን ከሂንዱው ቪሽኑ ጋር አንድ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ ሽማግሌው ግን ይህን አጥብቀው ይቃወማሉ። በእኔ አስተያየት ጎብኚ በዚህ ክርክር ውስጥ ዳኛ ሊሆን አይገባውም፤ ከማን ጋር እንደሄደና የሰማው የማንን ቃል እንደሆነ መናገር ግን ይጠበቅበታል። እኔ የሄድኩት ከሮንግሜይ ቤተሰብ ጋር ነው፤ የጻፍኩትም እነርሱ የነገሩኝን ነው።

ፎቶ ያለማንሣቱ ክልከላ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ከብዶኝ ነበር። ምክንያቱን የተረዳሁት ሽማግሌው ስለ ጋይዲንሊዩ ደብተሮች ሲያወሩ ነው። ማንም እስካሁን በእርግጠኝነት ባላነበበው ልዩ ጽሕፈት የተሞሉት እነዚህ ደብተሮች በእንግሊዞች እጅ ገብተው ዛሬ በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። ብዙ ነገሩ ተወስዶ ባሕር ማዶ የተቀመጠበት ሕዝብ የቀረውን እንግዳ በካሜራ ይዞት እንዲሄድ ባይፈቅድ አይደንቅም። ስለዚህ ማስታወሻዬን የጻፍኩት ወደ መንደሩ ከወረድን በኋላ ነበር፤ የጻፍኩትንም ጓደኛዬ ለአያቱ እየተረጎመ አነበበላቸው፤ እርሳቸው እንዳይጻፍ የፈለጉትን ሁለት ነገር ሰረዝኩ።

አሁን የቀረኝ የጃዶናንግ መንደር ካምቢሮን ነው። መንደሩ በማኒፑር ግዛት ስለሆነ የተከለለ አካባቢ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውን አስገብቻለሁ፣ ሽማግሌውም በዚያ ለሚኖሩ ዘመዶቻቸው መልእክት ልከውልኛል።