በኦሊቨር ሂል መንገድ

ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከጂፒኤስ ነው። ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ለአንዲት የአገሬ ሰው ፍርድ ቤት ላስተረጉም እየሄድኩ ነበር። «ወደ ኦሊቨር ሂል ዌይ ታጠፍ» አለኝ፣ ታጠፍኩ። መንገዱ ላይ ያለው ፍርድ ቤትም በዚሁ ሰው ስም የተሰየመ ነው። የልጆችና የቤተሰብ ጉዳይ ይታይበታል። የዚያን ቀን ጉዳይ ምን እንደነበር አልነግራችሁም፤ ወሬኛ አስተርጓሚ እንጀራ አይበላም። ስንጨርስ ግን ሴትዮዋ ስሙን ቀና ብላ እያየች «ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ስንት ዓመት ከችሎት ችሎት ስዞር ኖሬ! አፈርኩ።

እናም ባለፈው ጥቅምት አንድ ዓርብ ሥራ ሳልይዝ ተነሳሁ። ሰውዬውን ፍለጋ።

ዲሲ አጠገብ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ የወጣሁት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ሪችመንድ ከዲሲ 110 ማይል ቢሆን ነው። ይሄ ግን በወረቀት ነው፤ «ዘጠና አምስት» የሚባለውን አውራ ጎዳና የነዳ ያውቀዋል። ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ መኪናው ሁሉ ተገትሮ ቀረ። ቡናዬ ቀዘቀዘ። ያነበብኩትን በልቤ መከለስ ያዝኩ።

ኦሊቨር ሂል በ1907 እዚያው ሪችመንድ ተወለደ። (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ሂል የእንጀራ አባቱ ስም ነው። ሕግ የተማረው ዲሲ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከታወቀው የጥቁሮች መብት ጠበቃ ከቻርለስ ሃሚልተን ሂውስተን እግር ሥር ነው። በ1933 ሲመረቅ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛው ተርጉድ ማርሻል ነበር፣ ኋላ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆነው። ከእሱ ጋር ተወዳድሮ ሁለተኛ መውጣት እንደ አንደኛ ይቆጠርልኝ።

እኔን የያዘኝ ግን ማዕረጉ አይደለም። ከተመረቀ በኋላ ሮኖክ በምትባል የቨርጂኒያ ከተማ ቢሮ ከፈተ፤ አላዋጣውም። ዘጋና ዲሲ ተመልሶ አስተናጋጅ ሆነ። ትሪ የተሸከመ ጠበቃ! እዚህ አገር ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ኡበር የሚነዳ ሐበሻ ይቺን ታሪክ ቢሰማ ብዬ አሰብኩ። በ1939 ሪችመንድ ገብቶ እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ። በዓመቱ እሱና ጓደኞቹ የኖርፎክ ጥቁር አስተማሪዎች ከነጮቹ እኩል ደመወዝ እንዲከፈላቸው ተሟግተው በይግባኝ ረቱ።

መንገዱ ተከፈተ። ሪችመንድ ስደርስ ፀሐይ ሞቅ ብላለች።

በግዛቱ ምክር ቤት ግቢ ውስጥ በ2008 የቆመ የሲቪል መብቶች ሐውልት አለ። አሥራ ስምንት የነሐስ ሰዎች የግራናይት ድንጋዩን በአራት ጎን ከበውታል። በአንዱ ጎን ተማሪዎች አሉ። በሌላው ሂልና የሙያ ጓደኛው ስፖትስዉድ ሮቢንሰን ቆመዋል። ሂል ጥቅል ወረቀት ይዟል። ይሄን ወደድኩለት። እዚያው ግቢ ጆርጅ ዋሽንግተን ፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ ጠበቃው ግን በእግሩ ነው፣ መሣሪያውም ወረቀት ነው። ቆሜ ሳይ ሰዓቱ አመለጠኝ። መኪናዬ ጋ ስመለስ የቅጣት ወረቀት መስተዋቱ ላይ ተሰክቶ ጠበቀኝ። ምን ይባላል? ሕግ ነው።

ከግቢው ቁልቁል ትንሽ እንደተሄደ የድሮው የፌዴራል ፍርድ ቤት አለ። ሕንፃው ጉድ ነው። በ1865 የከተማዋ መሐል ሲነድ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ሲሆን፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የደቡቦቹ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዴቪስ ቢሮው እዚህ ነበር። ባርነትን ለማቆየት ጦርነት የተመራበት ቤት ውስጥ፣ በየካቲት 1952፣ ሂልና ሮቢንሰን ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቆመው ተከራከሩ። ሦስት ዳኞች ሰሟቸው። በአንድ ድምፅ ፈረዱባቸው። ትምህርት ቤቶቹ በደረጃ እኩል ይሁኑ፣ ልጆቹን በዘር መለየት ግን ማንንም አልጎዳም አሉ። ዳኛ «ጉዳት አላየንም» ሲል ስንት ጊዜ ተርጉሜያለሁ! የሰውዬውን ፊት እያዩ ያንን ቃል ማሻገር ከባድ ነው።

ልጆቹ የነማን ነበሩ? ለዚያ ፋርምቪል መሄድ ያስፈልጋል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው። ጫካ፣ ሜዳ፣ ጫካ፣ ላሞች። ሬዲዮ ዘጋሁ።

የድሮው የጥቁሮች ትምህርት ቤት፣ ሮበርት ሩሳ ሞቶን፣ አሁን ሙዚየም ነው። ከደጅ ሲያዩት ቆንጆ የጡብ ቤት ነው። በ1939 ሲሠራ ለ180 ተማሪዎች ነበር፤ በ1951 ከ450 በላይ ታጉረውበታል። ለትርፎቹ ደጅ ላይ ሬንጅ በተቀባ ወረቀት የተለበዱ ዳሶች ተሠሩላቸው። ዝናብ ያፈሳሉ። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ይጠበሳል፣ ራቅ ያለ ይንቀጠቀጣል።

አዳራሹ እስካሁን አለ። በዚያው በ1951 ሚያዝያ 23 ቀን ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ዳይሬክተሩን በውሸት ስልክ ከግቢ አስወጥታ፣ ተማሪውን ሁሉ እዚህ ሰብስባ አድማ አስመታች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መድረኩ ትንሽ ናት። የእኔም ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ክፍሏን ጥረጊ ስላት የምታደርገኝን ብነግራችሁ… ይቅር።

ልጆቹ ሪችመንድ ላሉት ጠበቆች ደብዳቤ ጻፉ፣ ደወሉም። የሂል መልስ «ተመለሱና ተማሩ» የሚል ነበር። አይፈረድበትም። ፋርምቪልን የመሰለ ወግ አጥባቂ የገጠር ከተማ ለዚህ ሙግት ይሆናል ብሎ አልገመተም። ያም ሆኖ ለሌላ ጉዳይ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ፣ ረቡዕ ድረስ ካልተመለሳችሁ ጎራ እላለሁ አላቸው። ረቡዕ ከሮቢንሰን ጋር መጣ። መንገዱ ዳር ባለው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተገናኙ። ሊመክር የመጣው ሊመልሳቸው ነበር። ልጆቹ ሲናገሩ ግን ሰማቸው። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረ።

እኔ የሂልን ትልቅነት የማየው እዚህች ጋ ነው። ሽልማቱ በኋላ መጣ፤ በ1999 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የነፃነት ሜዳሊያ ሰጡት። ግን ስንት ጠበቃ አይቻለሁ፣ ባለጉዳዩ አፉን ሳይከፍት መልሱን የጨረሰ። ሂል አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ በሙያው የተፈተነ፣ የሪችመንድ ምክር ቤት አባል የነበረ ሰው ነው። በ1948 ሲመረጥ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ያንን ወንበር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ነበር። እና ሕፃናት አሳመኑት።

አንድ ነገር ግን ጠየቃቸው። ልጆቹ የፈለጉት አዲስ ሕንፃ ነበር። እሱ ደግሞ ሕንፃ ብቻ ከሆነ አልገባበትም፤ መለያየቱ ራሱ ይከሰስ፣ ወላጆቻችሁም ይስማሙ አለ። ወላጆቹ ተስማሙ። በወሩ 117 ተማሪዎች ከሰሱ። ሪችመንድ ላይ ቢፈረድባቸውም ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ እዚያ ቆሞ የተከራከረው ሮቢንሰን ነበር። በግንቦት 1954፣ በትምህርት ቤት በዘር መለየትን ከከሰሱትና ብራውን በሚል ስም ከታወቁት አምስት መዝገቦች አንዱ ሆኖ ተፈረደላቸው። ከአምስቱ ተማሪዎች ራሳቸው የጀመሩት የፋርምቪሉ ብቻ ነው።

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይላሉ የኛ ሰዎች። እዚህ ግን የቆመው ትምህርቱ ነው። አውራጃው ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው ከሚቀመጡ ብሎ በ1959 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። ለአምስት ዓመት! ነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ከፈቱ። ብዙ ጥቁር ልጆች ቤት ቀሩ። ሙዚየሙ ውስጥ ይሄን የሚያሳየው ክፍል ጋ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ከዚያ ዘመን ልጆች አንዱ ይሆኑ? አልጠየቅኳቸውም።

ሂል ቤትም ሰላም አልነበረም። ዛቻ ከመብዛቱ የተነሳ ልጃቸው ስልክ እንዳያነሳ ከልክለውት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ደጃቸው ላይ መስቀል ተቃጠለ። ደመራ ሲነድ እልል እያለ ላደገ ሰው ይሄ ቶሎ አይገባውም። እሳትና መስቀል አንድ ላይ ለኛ አበባና ዘመድ ነው። ለእነሱ «እንገድልሃለን» ማለት ነበር።

እሱ ግን በነሐሴ 2007፣ መቶ ዓመት ሞልቶት፣ ቤቱ ነው ያረፈው። ዓይኑ ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ማታ በጨለማ ተመለስኩ። ስለመንገዱ የሚወራ የለም።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ፍርድ ቤት ተጠራሁ። ሌላ ሰው፣ ሌላ ጉዳይ። ያቺን ሴትዮ አገኛት ይሆን ብዬ ኮሪደሩን ቃኘሁ፣ የለችም። ስልኳንም አልያዝኩም፣ አይፈቀድልኝም። ኦሊቨር ሂል ማን እንደሆነ ብዙ የምለው ይዤ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ የሚጠይቀኝ ጠፋ።

ጠበቃዋ ፋይል ታቅፋ ከተፍ አለች። ልጁ አጠገቤ እግሩን ያወዛውዛል፣ ወለሉ ላይ አይደርስለትም። ቁጭ ብላ ዓይኑን አየችውና አንድ ነገር አለችው። ወደ እኔ ዞረ።

«መጀመሪያ አንተ ንገረኝ ትልሃለች» አልኩት።