ባዶ እጅ

የማስጠናው ልጅ ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የሰውነት ሚዛን አለ። ባለፈው ሳምንት እጄን ልታጠብ ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቦርሳዬን ጫንኩበት። 9 ኪሎ! የሰው ዕቃ እንደነካ ልጅ ቶሎ አንስቼው ወጣሁ።

ሁለት ወፍራም መጻሕፍት አሉበት። ካልተሰካ የማይሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ። ጃንጥላ፣ ሹራብ፣ የውሃ ኮዳ፣ ትርፍ ካልሲ። በካልሲው የሚስቅ ይኖራል። በረጠበ ካልሲ ሦስት ክፍለ ጊዜ የተማረ ሰው ግን አይስቅም። ጠዋት በጨለማ ወጥቼ ማታ በጨለማ ነው የምገባው። መሀል ላይ «ቤት ደርሼ ልምጣ» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ቤቴን ተሸክሜው እዞራለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው እጅ ማየት ጀመርኩ። ድሮ ሀብታም ለመለየት መኪናና ሰዓት ነበር የማየው። መኪናው የባንክ ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱም ፎርጅድ። እጅ ግን ብዙ አይዋሽም። ትልቁ ሕንፃ በር ላይ ከመኪና የሚወርደው ሰውዬ አንድ ስልክ ብቻ ይዟል። ጃንጥላ ምን ያደርግለታል? ከመኪናው እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው። ሹራብም አያስፈልገውም፤ መኪናውም ቢሮውም የሚሞቁት እሱ በፈለገው ልክ ነው። ውሃ የተቀመጠበት ድረስ ይመጣለታል። እኔ ጀርባዬ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ለእሱ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ይዞለታል።

ክፍል ውስጥ ስለ ኢኮኖሚስቱ ቶርስታይን ቬብለን ተምረን ነበር። ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የፈለሱ ገበሬዎች ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባለጸጋ ሀብቱን ከሚያሳይባቸው መንገዶች አንዱ ሥራ እንደማይነካ ማሳየት ነው ይላል። ከዘራ ሳይቀር ምሳሌ አድርጎታል፤ ከዘራ የያዘ እጅ ለሥራ እንደማይዘረጋ ለተመልካች ይናገራልና። እኔ ለፈተና «ለታይታ የሚወጣ ወጪ» የሚለውን ሸምድጄ፣ ከዘራውን ረስቼው ነበር። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። አንድ ነገር ላይ ግን ከቬብለን ጋር አልስማማም፤ ቢያንስ ለዘንድሮ። የዛሬ ሀብታም ሥራ ፈት መባልን አይወድም። የልጁ አባት ባገኘሁት ቁጥር «በጣም ቢዚ ነኝ» ይለኛል። ቢዚ ሆኖም እጁ ባዶ ነው።

ልጁ ደግሞ፣ አስር ዓመቱ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ቦርሳዬን አይቶ «ቲቸር፣ መንገድ ልትሄድ ነው?» አለኝ። ለማሾፍ አልነበረም። የእሱን ቦርሳ ሾፌሩ ነው የሚይዝለት። እስከዛሬ መልስ አልሰጠሁትም፤ ወደ ክፍልፋይ ገባን።

የእነ ልጁ ግቢ ጥበቃ በየቀኑ ቦርሳዬን ይፈትሻል። ሥራው ነው፣ አልቀየመውም። እሱም ምሳውን በፌስታል ይዞ ነው የሚመጣው። «ተማሪ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጨመርክበት?» ይለኛል። «ዕውቀት ነው ጋሼ» እለዋለሁ። «ታዲያ ምነው ከበደ?» ብሎ ይስቃል። ባዶ እጃቸውን የሚገቡትን ግን ቀና ብሎም አያያቸው። ሲታሰብ ይገርማል። ብዙ ያለው ሳይፈተሽ ያልፋል፣ ትርፍ ካልሲ የያዘው ይፈተሻል።

ትናንት የቦርሳዬ ዚፕ ተበጠሰ። ዛሬ ጠዋት ለጥገና ሰጠሁትና መጻሕፍቱን ጓደኛዬ ዘንድ አስቀምጬ፣ ስልክና እስክርቢቶ ብቻ ኪሴ ከትቼ ወደ ልጁ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ማወዛወዙም፣ ኪስ መክተቱም አልሆን አለኝ። በሩ ጋ ስደርስ ጥበቃው ጎንበስ ብሎ ሬዲዮኑን እየነካካ ነበር። ቀና ሳይል በሩን ገፋ አድርጎ «ይግቡ ጌታዬ» አለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ትንሽ ተፋፈርን መሰለኝ።

ልጁ በር ላይ ጠበቀኝ። ከኋላዬ አየት አደረገና «ቲቸር፣ መንገዱ ቀረ?» አለኝ።

ስወጣ ዝናቡ ይወርዳል። ጃንጥላዬ ቦርሳው ውስጥ ነው፣ ካልሲዬም።