የተጎዳ የአንጀት ሽፋንን በተራ ማይክሮስኮፕ ማስተማር

ድሬዳዋ ውስጥ በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ የሰገራ ምርመራ እየሠራሁ ተለማማጅ ተማሪዎችን በማስተምርበት ጊዜ፣ ለማስረዳት እጅግ የከበደኝ ባክቴሪያ የአንጀትን መከላከያ ሽፋን የሚጎዳበት መንገድ ነበር። ሽፋኑ አንድ ረድፍ ሴሎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ሴሎቹ ክላውዲንና ኦክሉዲን በተባሉ ፕሮቲኖች እርስ በርስ ተጋጥመው ውኃንና ንጥረ ምግብን እየመረጡ ያሳልፋሉ፣ ተሕዋስያንን ግን ያግዳሉ። ማሪሊን ፋርኳርና ጆርጅ ፓላዴ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን መጋጠሚያ በዝርዝር የገለጹት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው ነው፤ እኛ ያለን ግን ተራው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ሲፈርስ በክፍተቱ አልፎ የሚወጣውን ነገር ለማሳየት ወሰንሁ።

ሁለት ናሙናዎችን ጎን ለጎን አስቀመጥሁ፤ አንዱ ውኃማ ተቅማጥ፣ ሌላው ደም የቀላቀለ። ከሁለተኛው ንፍጥ ያለበትን ክፍል በእንጨት ቆንጥሬ ከአንድ ጠብታ ሳላይን (የጨው ውኃ) ጋር በስላይድ ላይ ለወስሁና ከቨር ስሊፕ የተባለውን ስስ መስታወት ከደንሁበት። በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ግን ባለ 40 ሌንሱን ስናዞር፣ ፐስ ሴል የምንላቸው ነጭ የደም ሴሎችና ቀይ የደም ሴሎች ዕይታውን ሞልተውት ነበር። አንዷ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ታዲያ ባክቴሪያው የታለ?» ስትል ጠየቀች፤ ትምህርቱን በሙሉ የከፈተልኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ኤም ሴል በተባሉት የሽፋኑ ልዩ ሴሎች በኩል ሾልኮ ከሥር ይደርሳል፤ የሚውጡትን ማክሮፌጅ የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ይገድልና ወደ ሽፋኑ ሴሎች ከታች ይገባል። በዚህ ጊዜ የሚለቀቁት ኢንተርሉኪን 1 እና 8 የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ብግነትን ይቀሰቅሳሉ፣ ነጭ የደም ሴሎችንም ይጠራሉ። እነዚህ ሴሎች በመጋጠሚያዎቹ መካከል ተጣበው ሲያልፉ በሚከፍቱት ቀዳዳ ተጨማሪ ባክቴሪያ ይገባል። ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለው የብግነት መልእክተኛ ደግሞ በሴሎቹ ውስጥ ያለውን የጡንቻ መሰል ፕሮቲን ቀለበት አኮማትሮ መጋጠሚያውን ያላላል። ስለሆነም በስላይዱ ላይ ከምናየው ጉዳት ብዙው ራሱ ሰውነታችን ያደረሰው ነው። የኮሌራ መርዝ በአንጻሩ ሴሎቹ ክሎራይድና ውኃ እንዲያፈስሱ ሲያደርግ ሽፋኑን በአብዛኛው አያፈርስም፤ ኦአርኤስ በተባለው፣ በውኃ ተበጥብጦ በሚጠጣው የተቅማጥ ንጥረ ነገር ውስጥ ያለው ስኳርና ጨው በዚያ ከባድ ፈሳሽ መካከልም ሊመጠጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሥራ ካገኘሁት ትምህርት ትልቁ ስለ ጊዜ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት የዘገየ ናሙና ፐስ ሴሎቹ ይበታተናሉ፣ ሺጌላም በሰገራ ውስጥ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ከቤት በዕቃ የተቋጠረ ናሙና ይዘው ለሚመጡ እናቶች፣ «እናቴ፣ ልጁ እዚሁ ቢያወጣ ይሻላል» ማለትን ልማድ አደረግሁ። ተማሪዎቼም «ብዙ» ብለው ማለፍን ትተው በአንድ ዕይታ ያዩትን ሴል ቆጥረው እንዲጽፉ አደረግሁ። ፐስ ሴል መታየቱ ብቻውን የጀርሙን ዓይነት አይናገርም፤ ሺጌላን የሚያረጋግጠው ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ የማሳደግ ምርመራ ነው፤ ቀይ የደም ሴል ውጦ የሚንቀሳቀስ አሜባ ከታየ ደግሞ ሕክምናው ሌላ ነው።

ለሕፃናቱ ከኦአርኤስ ጋር የሚታዘዘው ዚንክ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን መቀጠል እንዳለበት አሁን ውጤቱን ስሰጥ አብሬ እናገራለሁ።