ክፍሉ አንድ፣ ዋጋው ሁለት፦ የታይምሼር ፖይንት ሪሴል ነገር

ኦርላንዶ ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ታይምሼር (ሪዞርት ላይ በየዓመቱ የማደር መብት መግዛት) ሲያወራ አንድ ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ፣ "ሪዞርቱ አዲስ ነው፣ ኮንትራቱም ረጅም ነው፣ ስለዚህ ነገ ልሽጠው ብል ዋጋውን ይይዛል"። አይይዝም። ወይም ሊይዝም ላይዝም ይችላል፣ ግን እሱን የሚወስነው የህንጻው አዲስነት አይደለም፣ ዴቨሎፐሩ (ሪዞርቱን ሠርቶ የሚሸጠው ኩባንያ) ከእናንተ ለሚገዛው ሰው ምን ፈቅዶለታል የሚለው ነው፣ እና ሕጉን የሚጽፈው ራሱ ዴቨሎፐሩ ነው።

ምሳሌውን ከዲዝኒ ልውሰድ፣ ያው ብዙ አበሻ ልጆቹን ይዞ የሚሄደው እዛ ስለሆነ፣ ደግሞም ነገሩ በቀን ተቆጥሮ የተጻፈ ስለሆነ ለማስረዳት ይመቻል። የዲዝኒ ታይምሼር፣ ዲዝኒ ቬኬሽን ክለብ፣ በ1991 ነው የተጀመረው። በየዓመቱ የሚታደስ፣ ክፍል የምትይዙበት ፖይንት ትገዛላችሁ፣ የገዛችሁበት ሪዞርት ሆም ሪዞርት ይባላል፣ እዛ ከ11 ወር በፊት ቡክ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ሌሎቹ ጋ ግን ከ7 ወር በፊት ነው የሚከፈትላችሁ። ለብዙ ሰው ጥቅሙ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ዘንድሮ አንዱ ጋ ከርሞ ሌላው ጋ መሄድ።

ታዲያ ከጃንዋሪ 19፣ 2019 ጀምሮ ዲዝኒ ምን አለ መሰላችሁ፣ ከዱሮዎቹ 14 ሪዞርቶች ፖይንት ከሰው እጅ የሚገዛ ሰው እነዛው 14ቱ ውስጥ ብቻ ይጠቀም፣ ሪቪየራ የሚባለው ሪዞርትና ከሱ በኋላ የሚመጡት አዳዲሶቹ አይከፈቱለትም። ሪቪየራን ራሱን ከሰው የገዛ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሪቪየራ ብቻ፣ ሌላ የትም የለም። ያገለገለ ቶዮታ ለገዛ ሰው ቶዮታ "አንተ ቤልትዌይ ላይ አትነዳም" አይለውም፣ እዚህ ግን ይባላል፣ በጽሑፍ፣ ያውም ሁለተኛው ገዢ የመጀመሪያው የሚከፍለውን ያንኑ ዓመታዊ ክፍያ እየከፈለ።

ውጤቱ ገበያው ላይ በግልጽ ይታያል። ሪቪየራ የተከፈተው በ2019 መጨረሻ ነው፣ ኮንትራቱ እስከ 2070 ይሄዳል፣ ከዲዝኒ በቀጥታ ሲገዛ አንዱ ፖይንት ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ ሪሴል ላይ፣ ማለትም ከሰው እጅ ሲገዛ፣ ግን ከዛ በጣም ወርዶ ነው የሚሸጠው። ከ14ቱ አንዱ የሆነውን የፖሊኔዥያንን ነገር ደግሞ እዩት፣ በዲሴምበር 2024 የተከፈተው አዲሱ ታወር ከዱሮው ጋር አንድ ማኅበር ውስጥ ስለገባ የዱሮውን ፖይንት ከሰው የገዛም አዲሱ ውስጥ ያድራል፣ ያ ኮንትራት እኮ የሚያልቀው በ2066 ነው፣ ከሪቪየራ ቀድሞ። ማለትም ሁለቱም አዲስ ህንጻ ናቸው፣ ለሪሴል ገዢ የሚፈቀደው ግን ይለያያል፣ ልዩነቱን ያመጣው ወረቀቱ ነው።

"ቆይ፣ ይሄ እንዴት ይፈቀድላቸዋል" ለሚል፣ ምክንያቱ ብዙ ሰው ሲፈርም የማያየው ቦታ ላይ ነው። ዲዱ (የባለቤትነት ሰነዱ) ላይ የተሰጣችሁ የሆም ሪዞርታችሁ መብት ነው። ወደ ሌሎቹ ሪዞርቶች መሄዱ ግን ለብቻው ያለ የልውውጥ ፕሮግራም ነው፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ሊቀየር እንደሚችል እዛው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሴልስማኑ ሲያወራ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ እንደውም ሰዓቱን የሚጨርሰው ስለ ልውውጡ ነው፣ ስለዚህ የምትከፍሉት ለማይለወጠውም ለሚለወጠውም አንድ ላይ ነው።

ዲዝኒ ብቻውን አይደለም ደግሞ። ማሪዮት በ2010 ሳምንት ከመሸጥ ወደ ፖይንት ሲዞር ከዛ በኋላ ሪሴል የተገዙ ሳምንቶች አዲሱ ፕሮግራም ውስጥ እንዳይገቡ አደረገ። ዊንድሃም ላይ ከሰው የገዛችሁት ፖይንት ተጨማሪ ጥቅም ለሚያስገኘው ለቪአይፒ ደረጃ አይቆጠርም፣ ሂልተንም ለራሱ ኤሊት ደረጃ አይቆጥረውም። ለኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ቪስታና የሚባለው የታይምሼር ኩባንያ ነው፣ ሪዞርቶቹ "ማንደቶሪ" እና "ቮለንተሪ" ተብለው ይከፈላሉ፣ ማንደቶሪ ከሆነ ወደ ሌሎቹ ሪዞርቶች መሄጃው፣ ስታርኦፕሽን የሚባለው ፖይንት፣ ለሪሴል ገዢውም ይተላለፋል፣ ቮለንተሪ ከሆነ እዛው ይቀራል። ስለዚህ የሁለቱ የሪሴል ዋጋ አይገናኝም፣ እና ይሄን ልዩነት ፕሬዘንቴሽን ላይ ቁጭ ብሎ ማንም አይነግራችሁም፣ ለነሱ ሁሉም ቆንጆ ነው።

ለምን ይሄን ያደርጋሉ ካላችሁ፣ በቀጥታ ከምትከፍሉት ዋጋ ትልቅ ክፍል የሚሄደው ለሽያጭና ለማርኬቲንግ ነው፣ ፕሬዘንቴሽን ላይ ለመጣ ሰው የሚሰጠው ነጻ ቲኬት፣ ቁርሱ፣ የሴልስማኑ ኮሚሽን፣ ሁሉም እዛ ውስጥ አለ። ያገለገለው ያንኑ አገልግሎት በግማሽ ዋጋ ቢሰጥ አዲሱን ማን ይገዛል? ስለዚህ ያገለገለውን ማሳነስ አለባቸው። ከቢዝነስ አንጻር ይገባኛል፣ ግን ዋጋ የሚወርደው የራሳቸው ደንበኛ እጅ ላይ ያለው ነገር ነው፣ ትናንት ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የገዛው ሰው።

በሌላ በኩል አንድ ሕግ ሻጩን ይጠቅማል፣ ዲዝኒ ያለው ቅድሚያ የመግዛት መብት። ከገዢ ጋር ተስማምታችሁ ኮንትራቱ ሲላክ ዲዝኒ በዛው ዋጋ እኔ እወስደዋለሁ ማለት ይችላል። ሻጩ ምንም አይጎድልበትም፣ ገንዘቡ ያው ነው፣ ገዢው ነው የሚያዝነው። ዋጋው ከመጠን በላይ እንዳይወርድም ትንሽ ይይዛል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ደጋፊ የሌለው ፖይንት ኢቤይ ላይ በ1 ዶላር ተለጥፎ ታያላችሁ፣ ገዢ ጠፍቶ፣ ባለቤቱ ከዓመታዊው የሜንተናንስ ክፍያ ለመገላገል ብቻ።

እንግዲህ ሪሴል ልትገዙ ከሆነ መጠየቅ ያለበት "ስንት ፖይንት" ብቻ አይደለም፣ "ይሄ ፖይንት በኔ ስም ሲዞር የት ይሠራል" ነው፣ ከሻጩ ጋር የነበረው መብት ከናንተ ጋር ላይቀጥል ይችላልና። አንድ ሪዞርት ብቻ ደጋግማችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን ገደቡ ብዙም አይነካችሁም፣ እንደውም ሪቪየራን ለሚወድ ሰው ርካሹ ሪሴል ጥሩ ነው ባይ ነኝ። በቀጥታ ፈርማችሁ ከሆነና ከተጸጸታችሁ መሰረዣ ቀን አለ፣ ፍሎሪዳ 10 ቀን፣ ቨርጂኒያ 7፣ ኔቫዳ 5፣ በጽሑፍ ነው የሚላከው፣ ስልክ ደውሎ መናገር አይበቃም። መሸጥ የምትፈልጉ ደግሞ፣ ሳትፈልጉት ደውሎ "ገዢ አግኝቻለሁ፣ ግን መጀመሪያ ታክስ እና የክሎዚንግ (የስም ማዞሪያ) ወጪ ክፈሉ" የሚላችሁ ሰው ሌባ ነው፣ የሜክሲኮ ታይምሼር ባላቸው ሰዎች ላይ ይሄን የሚሠሩት የካርቴል ሰዎች መሆናቸውን ኤፍቢአይ ራሱ አስጠንቅቋል፣ ስለዚህ ሳትከራከሩ ዝጉት።