ከጅማ ወደ ታይላንድ እንደገና?

ባለፈው ሳምንት አንድ ካሜሩናዊ ወዳጄ ከባንኮክ ደውሎ፣ እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር እንደሚፈለግ ከነገረኝ ጀምሮ፣ ጅማ ከተመለስሁ ወዲህ ያለቀለት ይመስለኝ የነበረው ጉዳይ እንደገና እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ከ2007 እስከ 2012 ዓ.ም. ታይላንድ አስተምሬአለሁ፤ የተመለስሁትም ኮሮና የትምህርት ዘመኑን መክፈቻ ሲያዘገየው ውሌ ሳይታደስ በመቅረቱ ነው። በዚያ አገር የሚከብደው ማስተማሩ ሳይሆን ማስተማር እንደሚችሉ ማስረዳቱ ነው። ዲግሪው፣ የሥራ ቪዛው፣ የመምህራን ምክር ቤቱ የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድና በየ90 ቀኑ አድራሻን ለኢሚግሬሽን ማሳወቁ የሁሉም የውጭ መምህር ዕዳ ነው፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ካልሆነ አገር የመጣ ሰው ግን በዚህ ላይ ቶይክ በሚባለው ፈተና ከ990 ቢያንስ 600 እንዲያመጣ ይጠየቃል። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ የእኔ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል።

ያን ሁሉ አሟልቼ እንኳ፣ በአጎራባች ክፍል ያንኑ መጽሐፍ ለሚያስተምረው እንግሊዛዊ 38,000 ባህት፣ ለእኔ ደግሞ 24,000 ባህት ይከፈል ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ ወላጆች «ፋራንግ» ማየት ይፈልጋሉ ተባልሁ። ታይላንዶች ነጩን የሚጠሩት በዚህ ቃል ነው፤ በሰማሁት ቁጥር የእኛው የጅማ ሰፈር፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ያ የናቅሁት ደመወዝ ግን፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ዛሬ ሲመነዘር ከ100,000 ብር ያልፋል። እዚህ በወር የማገኘውን ከጎኑ አላስቀምጥም።

ሆኖም የሚያመነታኝ ሌላ ነገር ነው። የታይላንድ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በግንቦት በመሆኑ በሚያዝያ መሄድ ይኖርብኛል፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ግን አገር አቀፍ ፈተና የሚቀመጡት ክረምቱ ሲገባ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተምረው 9ኛ ላይ ባዮሎጂውም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ስለሚሆንባቸው፣ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ብዙዎቹ መልሱን እያወቁ አፋቸውን ለመክፈት ይፈራሉ። የታይላንዶቹ ልጆች ከእነሱ ያነሰ እያወቁ፣ እየተሳሳቱና እየተሳሳቁ ይናገሩ ነበር፤ ቋንቋው ለእነሱ አንድ የትምህርት ዓይነት እንጂ የሌላው ትምህርት ሁሉ በር አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ እኔ ያየሁት ቁጥሩን ሳይሆን ከኋላ ወንበር አንገታቸውን የሚደፉትን ነው። ዘንድሮ ከእነዚያ መካከል ሁለቱ እጃቸውን ማውጣት ጀምረዋል።

ነገሩን ለእናቴ ሳነሣባት ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ነበር። «ያኔም ለሁለት ዓመት ነው ብለኸኝ ነበር» አለችና ሲኒውን አቀበለችኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም። እኔ የቆየሁት አምስት ዓመት ነው፤ አባቴን የቀበሩትም ጎረቤቶች ናቸው።

ትናንት ማታ ለወዳጄ፣ ትምህርት ቤቱ እስከ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ ማለትም እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ ሊጠብቀኝ ይችል እንደሆነ እንዲጠይቅልኝ ጻፍሁለት። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ የቶይክ መለማመጃ መጽሐፌን ግን ከሣጥን አውጥቼ አቧራውን አራግፌአለሁ።